በኩሬ የሚረባን ዓሣ በትል ዱቄት ስለ መመገብ

ዓሣ ለማርባት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የሚያስበው ስለ ኩሬው ነው። ኩሬው ግን ከሥራው ሁሉ የቀለለው ክፍል ነው። ጉድጓዱን መቆፈር የጉልበት ነገር ነው፤ ውኃውን ከምንጭ ወይም ከወንዝ ጠልፎ ማግባት መስኖ የሚያውቅ ገበሬ የለመደው ጥበብ ነው፤ የዓሣውም ጫጩት በሰበታ ካለው የዓሣ ምርምር ማዕከል ሊገኝ ይችላል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሰውየውን የሚያስጨንቀው ዓሣው ምን ይብላ የሚለው ጥያቄ ነው። ዓሣ በማርባት ሥራ ከሚወጣው ገንዘብ ብዙውን ጊዜ ከግማሽ የሚበልጠው የመኖ ዋጋ ነው። ባገራችን በብዙ ድካም ተቆፍረው፤ ዓሣ ገብቶባቸው፤ ኋላ ግን የእንቁራሪት መኖሪያ ሆነው የቀሩ ኩሬዎች አሉ፤ ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ የመኖ እጦት ነው።

በሐይቅ የሚኖር ዓሣ መጋቢ አያሻውም። ቆሮሶ ውኃውን አረንጓዴ የሚያስመስለውን ደቃቅ ተክል እያጣራ ይበላል፤ አምባዛ ደግሞ ትልም ሆነ ተባይ፤ ትንሽ ዓሣም ቢሆን፤ ያገኘውን ይውጣል። በኩሬም ጥቂት ፍግ ቢገባበት ውኃው አረንጓዴ ይሆንና ቆሮሶው ከዚያ ይመገባል። ነገር ግን በአንዲት ጠባብ ኩሬ 200 ዓሣ በተከማቸ ጊዜ ይህ የተፈጥሮ ምግብ አይበቃም። ያን ጊዜ ባለቤቱ ፍሩሽካ መበተን ይጀምራል። ፍሩሽካም ሆድ ይሞላል እንጂ ሥጋ አይሠራም። ሥጋ የሚሠራው ፕሮቲን የሚባለው የምግብ ክፍል ነው፤ ለሰው በባቄላ፤ በሽምብራ፤ በእንቁላልና በወተት የሚገኘው ማለት ነው። የዓሣ መኖ ከመቶ እጅ ለጫጩት ወደ 40 እጅ ገደማ፤ ላደገ ቆሮሶም ከ28 እስከ 32 እጅ ያህል ፕሮቲን ሊኖረው ይገባል። በስንዴ ፍሩሽካ ውስጥ ያለው ግን 15 እጅ ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ በፍሩሽካ ብቻ የተመገበ ዓሣ ከዓመት በኋላ ቢወጣ ከመዳፍ አያልፍም፤ ባለቤቱም ውኃው አልተስማማውም ብሎ ያዝናል።

ዓሣን በሰፊው የሚያረቡ አገሮች ይህን የፕሮቲን ጉድለት የሚሞሉት ከረጅም ዘመን ጀምሮ በዓሣ ዱቄት ነው። ይህም ከባሕር በብዛት የሚጠመዱ ትንንሽ ዓሣዎች ተቀቅለው፤ ዘይታቸው ተጨምቆ፤ ደርቀው ሲፈጩ የሚገኝ ነው፤ ከመቶ ከ60 እጅ በላይ ፕሮቲን አለው። ከዚህ የሚበልጥ መኖ በቀላሉ አይገኝም። ጉዳቱ ከየት እንደሚመጣ ስንመረምር ነው የሚታየው። የዚህ ዱቄት ዋና ምንጭ የሆነችው በደቡብ አሜሪካ ያለችው ፔሩ ናት። በ1970 (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) ከባሕሯ አንቾቬታ ከሚባለው ትንሽ ዓሣ ወደ 12 ሚሊዮን ቶን ገደማ ተጠመደ። በ1972 ኤል ኒኞ የተባለው የባሕር መሞቅ መጣ፤ አስቀድሞም ያለ ልክ ሲጠመድ የኖረው ዓሣ በዚህ ላይ ተጨምሮበት በ1973 የተገኘው ወደ 2 ሚሊዮን ቶን ወረደ። የዱቄቱም ዋጋ በዓለም ገበያ ተሰቀለ። በሩቅ ባሕር የሞቀ ውኃ በሌላ አገር ያለውን ዶሮና አሳማ አርቢ እንደ ጎዳ ሰዎች ያን ጊዜ አስተዋሉ።

ወደኛ ቀረብ ያለውን ብንመለከት ደግሞ የቪክቶሪያን ሐይቅ እናገኛለን። በዚያ ከጣት የማይበልጥ ብርማ ዓሣ አለ፤ የኬንያ ሰዎች ኦሜና፤ የታንዛኒያ ሰዎች ዳጋ፤ የዩጋንዳ ሰዎች ሙኬኔ ይሉታል። በፀሐይ ደርቆ በስፍር ይሸጣል፤ ትልቅ ዓሣ ለመግዛት አቅም የሌለው ቤተሰብ ልጆቹን የሚያሳድገው በዚህ ነው። ከዚህ ዓሣ ብዙው ክፍል ግን ወደ መኖ ፋብሪካ ይሄዳል። የመኖ ነጋዴና የድሃ እናት ለአንድ ስፍር ደረቅ ዓሣ በገበያ ሲፎካከሩ ማን እንደሚያሸንፍ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም። የድሃውን ዓሣ ፈጭቶ ባለጸጋ የሚበላውን ዓሣ ማደለብ ዓሣን አብዝቶ ማርባት ሊባል ይችላልን? እኔ አይባልም እላለሁ። አኩሪ አተርም ቢሆን ሰው ሊበላው የሚችል እህል ነው፤ ያገራችን የኑግ ፋጉሎ እጅግ መልካም ሆኖ ሳለ የወተት ላምና የሚደልብ በሬ ይሻሙታል። ስለዚህ የሚፈለገው ሰው ከማይበላው፤ ከብትም ከማይበላው ነገር የሚገኝ ፕሮቲን ነው።

ይህን ፕሮቲን ሊሰጡ ከሚችሉት አንዱና ሊቃውንት አብዝተው የመረመሩት የአንድ ዝንብ ትል ነው። የዝንቡ ስም በሳይንስ ሄርሜሺያ ኢሉሴንስ ይባላል፤ ስሙንም በ1758 ያወጣለት የስዊድኑ ሊቅ ሊኔየስ ነው፤ በተለምዶ ጥቁር ወታደር ዝንብ ይሉታል። የመጀመሪያ አገሩ አሜሪካ ሲሆን ዛሬ በሞቃታማው ዓለም ሁሉ፤ በአፍሪካም ጭምር፤ ተሰራጭቶ ይኖራል። በ1981 በጆርጂያ (በአሜሪካ ያለችው ማለቴ ነው) ያሉ ተመራማሪዎች ትሉን ለዓሣ አብልተው ውጤቱን ጽፈዋል፤ ከዚያም ወዲህ ነገሩ በብዙ አገር ተመርምሯል። በናይሮቢ ያለው፤ በ1970 የተመሠረተው፤ ኢሲፔ የተባለው የነፍሳት ምርምር ተቋም ለምሥራቅ አፍሪካ ገበሬዎች የሚሆነውን አሠራር ሲያጠና ቆይቷል።

ዝንብ የሚለውን ቃል የሚሰማ ሽማግሌ ፊቱን ማጥቆሩ አይቀርም፤ እውነትም አለው፤ የቤት ዝንብ ከጽዳት ጕድጓድ ተነሥታ በሕፃን ዓይንና በእንጀራ ላይ የምታርፍ የበሽታ ተላላኪ ናትና። ስለዚህ ሁለቱን ለይቶ ማወቅ ያስፈልጋል። ጥቁሩ ወታደር ዝንብ ረዘም ያለ፤ ወደ 2 ሣንቲ ሜትር የሚጠጋ፤ ከዝንብ ይልቅ ተርብ የሚመስል ነው፤ ነገር ግን መናደፊያ የለውም። ወገቡ ላይ ብርሃን የሚያሳልፉ ሁለት መስኮት የሚመስሉ ነጥቦች አሉት፤ የእግሮቹም ጫፍ ነጭ ነው። ክንፍ ካወጣ በኋላ እንደ ቤት ዝንብ ምግብ ፍለጋ አይዞርም፤ ውኃ ቢያገኝ ይጠጣል፤ የሚኖረውም በትልነቱ ባከማቸው ስብ ነው። ስለዚህ ወደ ማዕድ የሚያመጣው ጉዳይ የለውም። ከአንድ ሳምንት ወይም ጥቂት ከሚበልጥ ጊዜ በኋላ ተዋልዶ ይሞታል። ትሉም ይለያል፤ የቤት ዝንብ ትል ነጭና አፉ የሾለ ለስላሳ ነው፤ የዚህኛው ግን ጠፍጣፋ፤ በቀለበት የተከፋፈለ፤ ቆዳው ጠንካራ ሆኖ ሲያድግ ከነጣ ቀለም ወደ ጥቁር ቡናማ ይለወጣል። እርሱ በበዛበት ጥራጊ ውስጥ የቤት ዝንብ እምብዛም አትራባም።

አኗኗሩ እንዲህ ነው። እንስቷ 500 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ የምትጥለውም በሚበሰብሰው ነገር ላይ ሳይሆን በአጠገቡ ባለ ደረቅ ስንጥቅ ውስጥ ነው። በ4 ቀን ገደማ ይፈለፈላል። ከእንቁላሉ የሚወጣው ትል በዓይን ለመታየት የሚያስቸግር ደቃቅ ሲሆን ወደ በሰበሰው ምግብ ወርዶ ይበላል፤ ሙቀቱ ከ25 እስከ 30 ዲግሪ በሆነበት ስፍራ በሁለት ሳምንት ወይም ጥቂት በሚበልጥ ጊዜ ብዙ ሺህ ጊዜ ከብዶ ይገኛል። ዕድገቱን ሲጨርስ አንድ የሚያስደንቅ ሥራ ይሠራል፤ መብላቱን ይተዋል፤ ሆዱን ባዶ ያደርጋል፤ ከእርጥቡ ምግብም ወጥቶ ደረቅና ጨለማ ቦታ ፍለጋ ሽቅብ ይወጣል። በዚያ ሙሽሬ ሆኖ ይቆይና ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ገበሬ የሚጠቀመው በዚህ ባሕርዩ ነው፤ ትሉ በገዛ እግሩ ወጥቶ ወደ እቃ ይወድቅለታልና ለቀማ አይደክምም።

ማርቢያው የእንጨት ሣጥን ወይም የተሰነጠቀ የፕላስቲክ በርሜል ሊሆን ይችላል። ከአንዱ ወገን ጠርዙ ድረስ ተዳፋት የሆነ ሳንቃ ይደገፋል፤ ከጫፉም ሥር ባልዲ ይቀመጣል፤ የጐለመሰው ትል ሳንቃውን ወጥቶ ባልዲው ውስጥ ይወድቃል። ሣጥኑ ዝናብና ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ጥላ ሥር ይሁን። ጉንዳን ትልቁ ጠላት ነውና ሣጥኑን በአራት እግር ላይ አቁሞ እግሮቹን ውኃ ባለበት ቆርቆሮ ውስጥ መንከር ይገባል። የመጀመሪያውን ዘር ለማግኘት ደግሞ በሞቃት ወራት ሁለት እጅ ፍሩሽካ በውኃ አርሶ ለጥቂት ቀን እንዲሸት ማድረግ፤ በላዩም የተሰነጣጠቁ ስስ እንጨቶችን አስሮ ማንጠልጠል ነው፤ በአካባቢው ዝንቡ ካለ እንስቷ በሽታው ተስባ መጥታ በእንጨቶቹ መካከል እንቁላሏን ትጥላለች። ዘሩ እንዳይቋረጥ ከጐለመሰው ትል ጥቂቱን ዝንብ እስኪሆን መተው፤ ዝንቦቹንም ፀሐይ በሚገባበት አጎበር ውስጥ ማኖር ነው፤ ያለ ብርሃን አይገናኙምና።

ምግቡ የወጥ ቤት ትርፍራፊ፤ የተበላሸ ፍራፍሬና አትክልት፤ ከብት የማይፈልገው አተላ ሊሆን ይችላል። በሲዳማና በጅማ ላሉ መምህራን በተለይ ልናገር የምፈልገው ስለ ቡና ልጣጭ ነው። ከቀይ እሸት ቡና ክብደት ከመቶ ወደ 40 እጅ ገደማ የሚሆነው ልጣጭ ነው፤ ይህም ከመፈልፈያው ጣቢያ ወደ ወንዝ ሲጣል ውኃውን ያበላሻል፤ በታች ያለውንም ሰውና ከብት ያስቸግራል። ትሉ ይህን ልጣጭ እንደሚበላ በኤል ሳልቫዶር የተደረገ ጥናት በ1990 ታትሟል። ነገር ግን ልጣጩ ለብቻው ደካማ ምግብ ስለ ሆነ ከትርፍራፊ ወይም ከፍራፍሬ ጋር መደባለቅ ይሻላል። ምግቡ በእጅ ሲጨመቅ ጥቂት ጠብታ የሚያንጠባጥብ እርጥበት ይኑረው፤ ከአንድ ስንዝር የሚያንስ ስስ ሆኖ ይሰጥ፤ ወፍራም ሆኖ ቢከመር ውስጡ ግሎ ይሸታል፤ ትሉም ሸሽቶ ይወጣል።

የተሰበሰበው ትል በፈላ ውኃ ውስጥ ለጥቂት ደቂቃ ይነከራል፤ ይህም ባንድ ጊዜ ይገድለዋል፤ የበሽታ ተዋሕስያንንም ይቀንሳል። ከዚያ በኋላ በቆርቆሮ ወይም በሰሌን ላይ ተሰጥቶ ሲታጠፍ እስኪሰበር ድረስ በፀሐይ ይደርቃል። የደረቀው ትል ከመቶ 40 እጅ ያህል ፕሮቲንና 30 እጅ ያህል ስብ አለው። ስቡ ብዙ ስለ ሆነ ለብቻው ቢፈጭ እንደ ሊጥ ይያያዛል፤ ከፍሩሽካ ጋር አብሮ መፍጨት ነው። በዚሁ ምክንያት ብዙ ቢቀመጥ ይሻግታልና ከአንድ ወር በላይ የሚሆን አያከማቹ።

ድብልቁን ማስላት ለተማሪዎች መልካም የሒሳብ ትምህርት ይሆናል። 10 ኪሎ መኖ እናዘጋጅ፤ 3 ኪሎ የትል ዱቄት፤ 4 ኪሎ የኑግ ፋጉሎ፤ 3 ኪሎ ፍሩሽካ ይሁን። ከትሉ 1 ኪሎ ከ200 ግራም፤ ከፋጉሎው (ከመቶ 30 እጅ ብለን ብንይዘው) 1 ኪሎ ከ200 ግራም፤ ከፍሩሽካው 450 ግራም ፕሮቲን ይገኛል። ድምሩ 2 ኪሎ ከ850 ግራም ስለሚሆን መኖው ከመቶ 28 ተኩል እጅ ፕሮቲን አለው ማለት ነው፤ ላደገ ቆሮሶ ይበቃል። ይህ ዱቄት በጥቂት የበቆሎ ገንፎ ተለውሶ፤ በሥጋ መፍጫ አልፎ፤ ተቆራርጦ ቢደርቅ ውኃ ውስጥ ቶሎ አይበተንም።

አሁንም ስሌቱን እንቀጥል፤ ብዙ ሰው ተስፋውን ያለ ልክ የሚያስረዝመው እዚህ ላይ ነውና። በኩሬው 200 ቆሮሶ ቢኖሩ፤ እያንዳንዱም 100 ግራም ቢመዝን፤ ጠቅላላ ክብደታቸው 20 ኪሎ ነው። በቀን ከክብደታቸው ከመቶ 3 እጅ ቢበሉ 600 ግራም መኖ ይፈልጋሉ፤ ከዚህ ውስጥ የትሉ ዱቄት 180 ግራም ነው፤ በወር 5 ኪሎ ከ400 ግራም ይሆናል። እርጥብ ትል ሲደርቅ የሚቀረው ሲሶው ያህል ስለ ሆነ በወር 16 ኪሎ እርጥብ ትል ያስፈልጋል። ከ100 ኪሎ ጥራጊ የሚገኘው እርጥብ ትል ደግሞ ከ10 እስከ 20 ኪሎ ነው። እንግዲህ በወር ከ80 እስከ 160 ኪሎ፤ በቀን ከ3 እስከ 5 ኪሎ ተኩል ያህል ጥራጊ ማግኘት ግድ ነው። ይህን አንድ ቤት ለብቻው አያገኘውም። ትምህርት ቤትና አምስት ስድስት ጎረቤቶች፤ ወይም አንድ የገበያ ቦታ፤ ወይም አንድ የቡና መፈልፈያ ጣቢያ ግን ያለ ችግር ያገኘዋል። ዓሣው ባደገ መጠን መኖውም ስለሚጨምር ስሌቱ በየወሩ ይታደስ።

የትል ዱቄት የዓሣ ዱቄትን ሙሉ በሙሉ ይተካል የሚሉ ሰዎች አብዝተው ይናገራሉ። በብዙ ሙከራ የታየው ከዓሣ ዱቄቱ ከሩብ እስከ ግማሽ ያህሉን በትል መተካት የቆሮሶን ዕድገት እንደማይጎዳ ነው። ከዚያ ቢያልፍ ሁለት ችግር አለ፤ አንደኛ የትሉ ቆዳ ኪቲን ከሚባል፤ ለመፈጨት ከሚያስቸግር ነገር የተሠራ ነው፤ ሁለተኛም በባሕር ዓሣ ውስጥ የሚገኘው ለአንጎልና ለልብ የሚረዳው የስብ ዓይነት በትሉ ውስጥ እጅግ ጥቂት ነው። በኩሬ ያለ ቆሮሶ ከአረንጓዴው ውኃ የጐደለውን በከፊል ያገኛል፤ ስለዚህ መኖ ይሰጣል ተብሎ የውኃው ልምላሜ ቸል ሊባል አይገባም።

ብርድም ይወስነዋል። ደጋ ላይ፤ ሌሊቱ ውርጭ በሆነበት አገር፤ ትሉ ይደነዝዛል፤ ቆሮሶውም ራሱ ውኃው ሲቀዘቅዝ መብላቱን ይቀንሳል። ስለዚህ ሥራው የሚስማማው እንደ ዝዋይ፤ ሐዋሳ፤ አርባ ምንጭና ጋምቤላ ላለው ሞቃት አገር ነው። የአውሮፓ ሰዎች ቤቱን በእሳት እያሞቁ ለማርባት ሞክረዋል። የአውሮፓ ኅብረት ሕግ በ2017 የነፍሳትን ፕሮቲን ለሚረባ ዓሣ ፈቅዷል፤ ነገር ግን ትሉ የወጥ ቤት ትርፍራፊ እንዳይበላ ስለ ከለከለ አርቢዎቹ ለትሉ ራሱ ጥሩ መኖ መግዛት ነበረባቸው። በታላቅ ገንዘብ ከተሠሩትም ፋብሪካዎች አንዳንዶቹ ከስረው ተዘግተዋል። ለከብት የሚሆን መኖ ገዝቶ ለትል የሚያበላ ሰው ወደ ተነሣበት ችግር ተመለሰ ማለት ነው። ትሉ ዋጋ የሚኖረው ምግቡ በእውነት የሚጣል ነገር ሲሆን ነው። ኬንያም በዚያው በ2017 ስለ ደረቅ የነፍሳት መኖ የጥራት ደረጃ አውጥታለች።

የሚጣል ነገር ሁሉ ግን ለትሉ ይሰጥ ማለት አይደለም። ከሽንት ቤት የወጣ፤ የሞተ እንስሳ፤ የቆዳ ፋብሪካ ጥራጊ፤ ቀለምና የባትሪ ድንጋይ የነካው ነገር ከቶ አይግባ። ትሉ ካድሚየምን የመሰለውን መርዛም ብረት በሰውነቱ ያከማቻል፤ ከትሉም ወደ ዓሣው፤ ከዓሣውም ወደ ሰው ሊተላለፍ ይችላል። ሣጥኑን የሚጠብቁ ተማሪዎች እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ።

ትል የበላ ዓሣ ንጹሕ ነው ወይ ብለው የሚጠይቁ አባቶች እንደሚኖሩ አውቃለሁ። ጥያቄው የሚናቅ አይደለም። መልሱን ግን ዓሣ አጥማጁ አስቀድሞ ያውቀዋል፤ መንጠቆው ላይ የሚሰካው ትል ነውና። ከሐይቅ የወጣ አምባዛ ሆዱ ቢከፈት የውኃ ነፍሳት ይገኙበታል፤ ዶሮም ቀኑን ሙሉ ትል ስትጭር ውላ ማታ የጣለችውን እንቁላል የሚጸየፍ የለም። የዚህ ሥራ ልዩነቱ ትሉ ምን እንደ በላ እኛ ማወቃችን ነው። የጾም ወራት ሲደርስ ዓሣ በገበያ የሚፈለግበትን መጠን የሚያውቅ ሰው ይህን ቢያመዛዝን አይከፋም።

ከሣጥኑ በመጨረሻ የሚቀረው ጥቁር አፈር መሰል ዝቃጭ አይጣል። ለጥቂት ሳምንት ተከምሮ ከበሰለ በኋላ ለጎመንና ለሽንኩርት መደብ ማዳበሪያ ይሆናል፤ ከኩሬው የሚለወጠውም ውኃ ወደዚያው መደብ ቢመራ ይጠቅማል። ለመጀመር የሚመቹት ከየካቲት እስከ ግንቦት ያሉት ሞቃት ወራት ናቸው፤ በየካቲት የመጀመሪያውን ሣጥን ከጥላ ሥር ያስቀመጠ ትምህርት ቤት ክረምቱ ከመግባቱ በፊት ሁለት ሦስት ዙር ትል ለመሰብሰብ፤ ከየዙሩም ስንት ኪሎ ጥራጊ ስንት ኪሎ ትል እንደ ሰጠ በመዝገብ ለመጻፍ ይችላል።